ስለ መጻተኛ ለእንደራሴ የሚጻፍ ደብዳቤ

በአሜሪካ የሚኖሩ ምእመናን ለካህናቶቻቸው ከሚያቀርቧቸው ጥያቄዎች መካከል፥ የሥጋዊ አስተዳደር ጉዳይ ስለሚመስል ብዙ ጊዜ መልስ ሳያገኝ የሚቀር አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም፦ ያለ ፈቃድ ወደ አገሩ ስለ ገቡ፥ ወይም የመኖሪያ ፈቃዳቸው ካለቀ በኋላ ሳይወጡ ስለ ቀሩ ሰዎች አንድ ክርስቲያን ለእንደራሴው ደብዳቤ ቢጽፍ ምን ብሎ ሊጽፍ ይገባዋል? ሕጉ ይጥበቅ ብሎ ቢጽፍ እንግዳን መግፋት ይሆንበታልን? ይላላ ብሎ ቢጽፍ ሥርዐትን ማፍረስ ይሆንበታልን? ወይስ እጁን ሰብስቦ ዝም ቢል ይሻለዋል? ጥያቄው የነፍስ ጥያቄ ነው። ከአንድ ጽዋ የሚቀበሉ፥ አንድ መስቀል የሚሳለሙ ሰዎች፥ አንዱ የዜግነት ወረቀት ያለው፥ ሁለተኛው ምንም ወረቀት የሌለው ሆነው በአንድ ዐውደ ምሕረት ይቆማሉና። አንዱ የሚጽፈው ደብዳቤ የሁለተኛውን ቤት ሊያፈርስ ወይም ሊያቆም ይችላል።

ይችላል ያልነው በግምት አይደለም። የዚያ አገር ሕግ አውጪ ምክር ቤት ሁለት ክፍል አለው፤ 435 አባሎች ያሉበት የእንደራሴዎች ምክር ቤት በየ2 ዓመቱ ይመረጣል፤ 100 አባሎች ያሉበት የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ግን እያንዳንዱ አባል ለ6 ዓመት የሚመረጥበት ነው። በ1791 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የጸደቀው የሕገ መንግሥቱ የመጀመሪያ ማሻሻያ፥ ሕዝቡ በደሉን ለመንግሥት የማመልከት መብቱ እንዳይነካ ይጠብቃል። የሚላከውን ደብዳቤ የእንደራሴው ጸሐፊዎች ተቀብለው በየጉዳዩ ይለዩታል፤ ስንቱ እንደ ደገፈ ስንቱም እንደ ተቃወመ ይቈጥራሉ። በ2007 በሰኔ ወር፥ ወረቀት ለሌላቸው ሚሊዮኖች የሕጋዊነት መንገድ ይከፍት የነበረ ረቂቅ ሕግ በሕግ መወሰኛው ምክር ቤት በቀረበ ጊዜ፥ ከሕዝቡ የመጣው ጥሪ ከመብዛቱ የተነሣ የምክር ቤቱ ስልክ ተጨናንቆ እስከ መቋረጥ ደርሶ ነበር። ክርክሩን ለመዝጋት 60 ድምፅ ሲያስፈልግ የተገኘው 46 ብቻ ስለ ሆነ ረቂቁ ወደቀ። ከዚያ በፊት ፕሬዚዳንት ሬገን በ1986 በፈረሙት ሕግ ግን 2.7 ሚሊዮን ያህል ሰዎች የመኖሪያ ፈቃድ አግኝተዋል። በ2013 ደግሞ ሌላ ረቂቅ በ68 ድምፅ በ32 ላይ ከሕግ መወሰኛው ቢያልፍም፥ የእንደራሴዎች ምክር ቤት ለድምፅ ሳያቀርበው ቀረ።

ከዚህ የተነሣ ዝም ማለት ይሻላል የሚለው አሳብ በቀላሉ አይጸናም። በነገሥታት ዘመን ሕግ የማውጣቱ ሸክም በንጉሡ ትከሻ ላይ ነበረ፤ የሕዝቡ ፈንታ መታዘዝ፥ መጸለይ፥ በደል ሲደርስበትም በአደባባይ አቤት ማለት ነበረ። ዛሬ በምርጫ በሚተዳደር አገር ዜጋ የሆነ ሰው ግን የሸክሙ ተካፋይ ነው። በቅዳሴ ጊዜ ስለ ገዥዎችና ስለ መኳንንት ስንጸልይ፥ ድምፅ የሚሰጠው ሰው በጥቂቱም ቢሆን ከሚጸለይላቸው ወገን ነውና፥ በሚወጣው ሕግ እጄ የለበትም ሊል አይችልም። ቋንቋችንም ለዚህ የሚረዳ ምስጢር ይዟል። የሚመረጠውን ሰው «እንደራሴ» እንለዋለን፤ እንደ እኔ ሆኖ በእኔ ፈንታ የሚቆም ማለት ነው። እግዚአብሔርም በኦሪት ዘሌዋውያን በ19ኛው ምዕራፍ ባልንጀራን እንደ ራስ መውደድን ካዘዘ በኋላ፥ በዚያው ምዕራፍ ዝቅ ብሎ መጻተኛውንም እንዲሁ እንደ ራስ መውደድን አዝዟል፤ እስራኤል ራሳቸው በግብፅ መጻተኞች እንደ ነበሩም አሳስቧቸዋል። እንግዲህ የሚጽፈው ክርስቲያን በሁለት «እንደ ራስ» መካከል ተቀምጧል፤ አንዱ በእርሱ ፈንታ የሚናገረው ሰው ነው፤ ሁለተኛው እንደ ራሱ አድርጎ ሊያስብለት የሚገባው ሰው ነው።

ዝም ካላለ ምን ይጻፍ? በመጽሐፈ ዕዝራ ስለ አንድ ሕዝብ የተጻፉ ሁለት ደብዳቤዎች አሉ፤ አንባቢ ብዙ ጊዜ እንደ ታሪክ ብቻ ያልፋቸዋል እንጂ ለዛሬው ጥያቄ ከዚህ የቀረበ ምሳሌ አይገኝም። ከምርኮ ተመልሰው ኢየሩሳሌምን ይሠሩ በነበሩት አይሁድ ላይ አዛዡ ሬሁምና ጸሐፊው ሲምሳይ ለንጉሥ አርጤክስስ ጻፉ። የጻፉት ሁሉ ሐሰት አልነበረም። ከተማይቱ ቀድሞ በነገሥታት ላይ ማመፅዋን ተናገሩ፤ ንጉሡም መዝገብ አስመርምሮ እውነት ሆኖ አገኘው። የንጉሡ ግብር እንዳይጐድል የሚቈረቈሩ የቤተ መንግሥት ባለሟሎች መሆናቸውንም ገለጡ። ያልጻፉት ግን አንድ ነገር ነበረ፤ እነዚያ ሰዎች ንጉሥ ቂሮስ ፈቅዶላቸው የመጡ መሆናቸውን። ስለዚህም ሥራው በኀይል ተከለከለ፤ መጽሐፉ እንደሚተርከው እስከ ዳርዮስ 2ኛ ዓመት ድረስ ቆመ።

ቀጥሎ የወንዝ ማዶ ገዥ የሆነው ተንትናይ መጣ። እርሱም የአይሁድ ወዳጅ አልነበረም፤ ይህን ቤት እንዲሠሩ ማን እንደ ፈቀደላቸው ጠየቀ፥ የአለቆቻቸውንም ስም ጠየቀ። ነገር ግን ለዳርዮስ በጻፈው ደብዳቤ ውስጥ የተጠያቂዎቹን መልስ በራሳቸው አነጋገር አገባው፤ አባቶቻቸው እግዚአብሔርን ስላስቈጡ መማረካቸውን እንኳ ሳያስቀር፥ ቂሮስም መፍቀዱን ጻፈ። ፍርዱን ራሱ አልፈረደም፤ መዝገብ እንዲመረመርና የንጉሡ ፈቃድ እንዲላክለት ለመነ። መዝገቡ ተመረመረ፤ የቂሮስ ትእዛዝ ተገኘ፤ ሥራውም ከመንግሥት ግብር ወጪ እየተደረገለት ቀጠለ። ሁለቱም ደብዳቤዎች ከአንድ አውራጃ፥ ስለ አንድ ሕዝብ፥ ለአንድ መንግሥት የተጻፉ ናቸው። የለያቸው በጸሐፊዎቹ ልብ የነበረው ፍቅርና ጥላቻ ነው እንዳንል፥ ተንትናይ ስለ መውደዱ የተጻፈ የለም። የለያቸው የተጻፈበት ሰው መልስ በአንደኛው ውስጥ መገኘቱ፥ በሌላው ውስጥ አለመገኘቱ ነው።

ዛሬ ስለ መጻተኞች በሚጻፈው ደብዳቤ የሚጐድለው መልስ ምንድር ነው ቢሉ፥ ብዙ ነው። ሁሉም ወንጀለኞች ናቸው ተብሎ ይጻፋል። በአገሩ ሕግ በድንበር ተሰውሮ መግባት በእርግጥ ወንጀል ነው፤ በቪዛ ገብቶ ጊዜው ካለፈ በኋላ መቅረት ግን ከአገር የሚያስወጣ የአስተዳደር ጥፋት ቢሆንም በራሱ ወንጀል አይደለም። ወደ አገራቸው ተመልሰው ተራቸውን ይጠብቁ ተብሎ ይጻፋል። ይህ ለሰሚ የቀና ይመስላል። ነገር ግን በ1996 የወጣው ሕግ፥ ከ180 ቀን በላይ ያለ ፈቃድ ኖሮ የወጣውን ሰው ለ3 ዓመት፥ 1 ዓመትና ከዚያ በላይ ኖሮ የወጣውን ለ10 ዓመት እንዳይመለስ ይከለክላል፤ ስለዚህ ሚስትና ልጆች ያሉት ሰው ሕግ ላክብር ብሎ ቢወጣ ብዙውን ጊዜ የሚያገኘው ተራ ሳይሆን የተዘጋ በር ነው። ጥገኝነት የሚጠይቅ ሁሉ አታላይ ነው የሚልም አለ፤ የ1980ው የስደተኞች ሕግ ግን በአገሩ የተገኘ ወይም በድንበሩ የደረሰ ሰው በምንም መንገድ ቢመጣ ጥገኝነት እንዲለምን በር ከፍቷል፤ በኋላ የወጡ ደንቦች በሩን ቢያጠብቡትም። በደርግ ዘመን ወደ ሱዳን ከተሰደዱት ወገኖቻችን ብዙዎች አሜሪካ የገቡት በዚሁ ሕግ ነው። ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው ሕጉ ይጥበቅ ብሎ መጻፍ ይችላል፤ እያወቀ ሸሽጎ መጻፍ ግን የሬሁምን ደብዳቤ መድገም ነው።

ይጥበቅ ብሎ መጻፍ ይችላል ማለታችን አንዳንዱን ያስደነግጥ ይሆናል። ነገር ግን ልጅዋን ደላላ በሊቢያ በረሓ ወይም በኮሎምቢያና በፓናማ መካከል ባለው የዳርየን ጫካ የነዳባት እናት፥ ያ መንገድ ይዘጋ ብላ ብትጮኽ እንግዳ ጠል ናት አንላትም። ለወንድሙ አመልክቶ ከ10 ዓመት በላይ ተራ የሚጠብቅ ዜጋም ቅሬታውን ቢጽፍ ኀጢአት የለበትም። የማይገባው የደላላውን በደል በተሸጠው ሰው ላይ መጻፍ ነው።

በምሕረት ወገን የሚጽፈውም ከዚህ ፍርድ አያመልጥም፤ ለርኅራኄ ሲባል የተጻፈ ሐሰት ሐሰትነቱ አይለወጥምና። ይህ ይልቁንም ለእኛ ለካህናት ነው። ለእንደራሴ ጽሕፈት ቤት ወይም ለዳኛ፥ ይህ ሰው የደብራችን አባል ነው፥ እንዲህ ያለ መከራም ደርሶበታል ብለን እንድንጽፍ እንለመናለን። አባልነቱን ካህኑ ያውቃል፥ ይመስክር። መከራውን በዐይኑ ካላየ ግን «እንዲህ ብሎ ነግሮኛል» ብሎ ይጻፍ እንጂ እንዳየ ሆኖ አይጻፍ። የደብር ማኅተም ያረፈበት የሐሰት ደብዳቤ አንድ ጊዜ ከተገለጠ፥ ከዚያ በኋላ እውነተኛው ስደተኛ ይዞት የሚቀርበው ሁሉ ዋጋ ያጣል፤ ዕዳውን የሚከፍለውም ያልዋሸው ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ስለ አናሲሞስ ለፊልሞና ሲጽፍ፥ አናሲሞስ በዘመኑ ሕግ ከጌታው የተለየ አገልጋይ ነበረ። ሐዋርያው መለየቱን አልሸሸገም፤ ዕዳ ቢኖርበት ግን በራሱ ላይ እንዲቈጠር በገዛ እጁ ጻፈ። ምሕረት የሚለምን ደብዳቤ እንዲህ የጸሐፊውን ድርሻ ቢናገር ይሰማል፤ ማደሪያውን እኔ እሰጣለሁ፥ ለጠበቃው እከፍላለሁ፥ በቀጠሮው ቀን ፍርድ ቤት እወስደዋለሁ ቢል። ይራራለት ብቻ ብሎ የሚያቆም ደብዳቤ ግን በሌላ ሰው ገንዘብ እንደ መመጽወት ነው።

ስለ ሕግ ለእንደራሴ መጻፍና፥ ስምና አድራሻ ጠቅሶ ጎረቤትን መጠቆም ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውም ሊታወቅ ይገባል። የመጀመሪያው ስም ተፈርሞ በግልጥ ይደረጋል። ሁለተኛው ብዙ ጊዜ በስውር፥ የቤት ኪራይ ወይም የሥራ ወይም የትዳር ጠብ ባለበት ይደረጋል። ደም ያፈሰሰን ወይም ሕፃን የሚበድልን ሰው ማስያዝ ግዴታ ነው፤ በቂም ተነሥቶ ወረቀት የሌለውን ማስያዝ ግን ሕግ ማክበር አይባልም። ይህን ያደረገ ሰው ወደ ቍርባን ከመቅረቡ በፊት ለንስሓ አባቱ ይንገር። በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ ከ150 ሺህ የሚበልጡ ወገኖቻችን ከሳዑዲ ዓረቢያ ተባረው ሲመለሱ ያየ ኢትዮጵያዊ፥ «ሕገ ወጥ» የሚለውን ስም በሰው ላይ ሲጽፍ እጁ ጥቂት ሊዘገይ ይገባው ነበር።

ማኅበራት በሁለቱም ወገን አዘጋጅተው ስም ብቻ እንዲጨመርበት ስለሚያድሉት ደብዳቤ ብዙ መናገር አያስፈልግም፤ ሳያነቡ መፈረም ያልሰሙትን መመስከር ነው።

ወረቀት የሌለው ሰው ራሱስ ሊጽፍ ይችላልን? የ1791ው ማሻሻያ መብቱን የሰጠው ለሕዝቡ እንጂ ድምፅ ለሚሰጠው ብቻ ስላልሆነ አይከለከልም። ነገር ግን ስሙንና አድራሻውን ማስፈር ይፈራል፤ ፍርሀቱም ያለ ምክንያት አይደለም። ስለዚህ ከቅዳሴ በኋላ ዜጋ የሆነውን ወንድሙን «ጻፍልኝ» ይለዋል። ሕጉ እንዲጠብቅ የሚፈልገው ሰውም ምናልባት በዚያው አዳራሽ ተቀምጦ የራሱን ደብዳቤ ያስብ ይሆናል፤ በዚህ ሰው ፊት ቆሞ ሊያነበው የሚችለውን ይጻፍ። የተለመነውም ወንድም የባለ ጉዳዩን ስም ያለ ፈቃዱ አይጥቀስ፤ ጽፎ ከመላኩም በፊት ከአጠገቡ ቍጭ ብሎ ያንብብለት፤ ያልሆነ ነገር ገብቶ እንደ ሆነ ያውጣ፥ የተረሳ ነገርም ካለ ይጨምር።