የእሾህ ጣሳ

በጌጫ አንድ ጎሚስታ ነበር። ሱቁ ከመንገዱ ዳር ያለች፣ ግድግዳዋ ቀርከሃ፣ ጣሪያዋ ቆርቆሮ የሆነ ጠባብ ቤት ናት። ደጃፏ ላይ ውኃ የሞላ ሳፋ፣ አንድ ፖምፓና የአሮጌ ጎማ ክምር ይታያል። ጎማ የተበሳበት ሁሉ ወደ እርሱ ይመጣል፤ ባለሞተሩም፣ የቡና ነጋዴውም፣ ጋሪ የሚገፋው ልጅም። ካላማዳሪውን አውጥቶ ሳፋው ውስጥ ይነክራል፤ አረፋው በወጣበት ላይ ጣቱን ያሳርፋል፤ ይሞርዳል፣ ማስቲሽ ይቀባል፣ ይለጥፋል። የሐኪምና የጎሚስታ እንጀራ በአንድ ምጣድ ነው የሚጋገረው፤ ሰው ካልታመመ፣ ጎማ ካልተበሳ ምጣዱ አይሰማም። ይህ በራሱ ኃጢአት አይደለም።

ጌጫን ላላየ ሰው መንገዷን ልንገር። ከተማዋ በሸካ ዞን የአንድራቻ ወረዳ መቀመጫ ናት፤ ከማሻ ወደ ቴፒ በሚወስደው መንገድ፣ ደጋው ላይ። ዙሪያዋ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2012 የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ብሎ የመዘገበው የሸካ ደን ነው። የማር ቀፎ ረጅም ዛፍ ላይ ተሰቅሎ የሚታይበት፣ እንሰትና ቀርከሃ የሚበቅልበት አገር ነው። ወደ ቴፒ ሲወረድ አየሩ ይሞቃል፤ የቡናና የኮረሪማ ምድር ይጀምራል። ዝናቡ ግን ለላዩም ለታቹም አይሰስትም። ከዳገቱ ስባሪ ድንጋይ ያወርዳል፤ የተሰበረ ጠርሙስ አጥቦ ስለቱን ያወጣል። እርጥብ ጎማ ደግሞ በስለት ፊት ደካማ ነው። ላስቲክ በቢላዋ የቆረጠ ሰው ያውቀዋል፤ ቢላዋው ውኃ ሲነካው ያለ ትግል ይገባል።

ጎሚስታው በወጣትነቱ ከሚዛን ተፈሪ ማዶ ጉራፈርዳ ወርዶ፣ በጎማ ዛፍ እርሻ የቀን ሠራተኛ ነበር። ብዙ ሰው ጎማ ከፋብሪካ የተወለደ ይመስለዋል። እናቱ ግን ዛፍ ናት። የትውልድ አገሯ የአማዞን ደን ነው፤ ሄንሪ ዊክሃም የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1876 ወደ 70,000 የሚጠጋ ዘር ከብራዚል ወደ ለንደን አሻገረ፤ ከዚያ የበቀሉት ችግኞች ወደ እስያ ተጓዙ። ዛሬ ከዓለም የተፈጥሮ ጎማ አብዛኛው የሚቀዳው ከእስያ ዛፎች ነው። ሙቀትና ዝናብ የምትወድ ዛፍ ስለሆነች የጉራፈርዳ ቆላም ተስማማት። ተተክላ 6 ወይም 7 ዓመት ካልሞላት አትታለብም። ስትደርስም የምትታለበው ፀሐይ ሳይበረታ በማለዳ ነው፤ ቅርፊቷ ላይ ሰያፍ መስመር በቀጭኑ ይፋቃል፣ ነጩ ወተት በመስመሩ ወርዶ ጣሳ ውስጥ ይንጠባጠባል።

ቢላዋ አያያዝ ያስተማረው አንድ ሽማግሌ ፎርማን ነበር። «ቢላዋህ ወደ እንጨቱ በተጠጋ ቁጥር ወተቱ ይበዛልሃል» አለው። «እንጨቱን ከነካኸው ግን ዛፏ ትቆስላለች። ቅርፊቷ ጠባሳ ሆኖ ይገጥማል፣ በጠባሳ ላይ ቢላዋ አይሄድም። 30 ዓመት የምታበላህን በአንድ ጠዋት ትጨርሳታለህ።» ወጣቱ ሰማ፣ እጁም ለመደ። ኋላ ጌጫ መጥቶ ጎሚስታ ሲሆን ቢላዋውን ይዞ መጣ፤ ቃሉን ግን ለዛፍ ብቻ የተነገረ መሰለው።

አንድ ቀን አንድ ጎረምሳ ኮርሳ ብስክሌት እየገፋ ከሱቁ ደጅ ቆመ። አጎቱ ከአዲስ አበባ የላከለት ነው፤ ያገለገለ፣ ግን ጤነኛ። ልጁ ከአልጋው ራስጌ የጽጋቡ ግርማይን ሥዕል ለጥፏል። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ በተሰለፈችበት፣ እ.ኤ.አ. በ1956 በሜልቦርን፣ ብስክሌተኞቿም አብረው ነበሩ። ከ60 ዓመት በኋላ ደግሞ በ2016 የመቀሌው ልጅ ጽጋቡ ቱር ደ ፍራንስን የጋለበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። ጎረምሳው ይህን በቃሉ ያውቃል። ከጌጫ ቴፒ፣ ከቴፒ ጌጫ እየተመላለሰ እግሩን ያበረታል፤ ቴፒ ላይ ተወዳዳሪ የሚመረጥበት ቀን እንዳለም ሰምቷል።

«ጋሼ፣ ከሁሉ የሚፈጥነው ጎማ የትኛው ነው?» አለ።

ግድግዳው ላይ ሁለት ዓይነት ጎማ ተሰቅሏል። አንዱ ቀጭን፣ ቀላል፣ ጎኑ ላይ ቀይ መስመር የተሰመረበት፤ 700 በ23 ይላል። ሁለተኛው ጥቁር፣ ወፈር ያለ፤ 700 በ28። ጎሚስታው ሁለቱንም አየ። ዝናቡን አየ። ሴት ልጁ ጠዋት የሰጠችውን የደብተር ዝርዝር በኪሱ ዳበሰ። ከዚያም ቀጭኑን አውርዶ «ይኸኛው ነው» አለ።

እዚህ ላይ ቆም እላለሁ። ጎሚስታው አልዋሸም። ቀጭኑ ጎማ በእርግጥ ቀላል ነበር፤ የተፈተለበት ክር ረቂቅ ስለሆነ ልስልስ ባለ አስፋልት ላይ ይከንፋል። ለተጠየቀው መለሰ፤ ያልተጠየቀውን ዋጠ። ልጁ የሚሄድበትን መንገድ ከልጁ የበለጠ ያውቀዋል፤ ያ ጎማ በስንት ቀኑ ተበስቶ እንደሚመለስ ያውቃል። በእኔ ፍርድ፣ እያወቀ ዝም ያለ ሰው ከዋሸ ሰው አይሻልም፤ ውሸታም ሲያዝ ያፍራል፣ ዝም ያለው ግን የሚያሳፍረው ምስክር የለበትም።

ልጁ በ4ኛው ቀን ተመለሰ፤ የቀጋ እሾህ። በሳምንቱ ተመለሰ፤ የጠርሙስ ስባሪ። ከዚያ ሽቦ። ከዚያ ደግሞ ምንም ያልተሰካበት፣ ግን ካላማዳሪው ላይ ሹካ የወጋው የሚመስል ሁለት ቀዳዳ ጎን ለጎን፤ ጎማው ከድንጋይ ጋር ተጋጭቶ ካላማዳሪውን ከቸርኬው ጠርዝ ጋር ሲቆነጥጠው እንዲህ ይሆናል። ጎሚስታው የነቀለውን ሁሉ እንደ ልማዱ ባዶ የቲማቲም ጣሳ ውስጥ ይጥላል። ጣሳው ቂው ይላል። ልጁ ይከፍላል፣ ያመሰግናል፣ ይሄዳል። ጎማውን አንድ ቀን አልወቀሰም፤ የወቀሰው ዕድሉን ነው።

የምርጫው ቀን ደረሰ። ልጁ ሌሊት ተነሣ። እናቱ በቆጮና በማር ሸኘችው። ቁልቁለቱን በጨለማ ወረደ፤ ዝናቡ አብሮት ወረደ። ደኑ መሐል አንደኛው ጎማ ፈነዳ፤ የያዘውን አንድ ትርፍ ካላማዳሪ በብርድ በደነዘዘ ጣቱ ቀየረ። ብዙም ሳይርቅ ሁለተኛው ተበሳ። ከዚያ በኋላ ብስክሌቱን እየገፋ፣ አንዳንዴም ተሸክሞ ሄደ። ቴፒ ሲደርስ ሌሎቹ ሮጠው ጨርሰው፣ ስም የሚጽፉትም ሰዎች ወንበራቸውን አንሥተው ነበር።

ማታ ሙዝ በጫነ አይሱዙ ላይ ሆኖ ጌጫ ገባ። ጎሚስታው ሱቁን እየዘጋ ነበር። ልጁ አልተቆጣም፤ አላለቀሰም። እጁን ኪሱ ከትቶ እርጥብ ብር አወጣና «ጋሼ፣ ነገ በጠዋት ይሠሩልኛል? ሂሳቡን ይያዙልኝ» አለ።

ቢቆጣ ኖሮ ጎሚስታው መልስ አያጣም ነበር። «መንገዱ ነው» ይል ነበር፤ «ዝናቡ ነው» ይል ነበር። የተሰጠውን እርጥብ ብር ግን ምን ይበለው? ቤቱ ገባ፤ እንቅልፍ እንቢ አለው። ኩራዙን ለኩሶ ጣሳውን መሬት ላይ ገለበጠው። የልጁን አንድ በአንድ ለየው፤ ሳፋው ውስጥ ያየውን እያንዳንዱን ቀዳዳ ያስታውሰው ነበር። 11 ሆነ። ነገ የሚነቅለው ሲጨመር ከዚያም ያልፋል። የፎርማኑ ድምፅ ከጉራፈርዳ ድረስ መጣለት። ቢላዋው እንጨቱን ነክቷል።

ጎህ ሲቀድ ጣሳውንና ጥቁሮቹን ሁለት ጎማዎች ይዞ ወደ ልጁ ቤት ሄደ። እናትየው ቡና እያፈላች ነበር። አረፍ በሉ ሳይባል ሰፌድ ጠየቀና ጣሳውን ገለበጠበት።

«ይህ ምንድን ነው ወንድሜ?» አለች።

«ከልጅዎ የበላሁት ነው» አለ። ሁሉንም ነገራት፤ ግድግዳው ላይ የነበረውን፣ ልጁ የጠየቀውን፣ እርሱ የዋጠውን፣ ደብተሩን ሳይቀር።

ልጁ ከአልጋው ተነሥቶ ይሰማ ነበር። ጎሚስታው ያንን የጎማ ዛፍ ቢላዋውን አውጥቶ የልጁን ያለቀ ቀጭን ጎማ ለሁለት ሰነጠቀው። «እይ» አለው። «ላዩ ላስቲክ፣ ሥሩ ክር፣ ከዚያ በኋላ ካላማዳሪህ ነው። እሾህ ላስቲኩን ካለፈ የሚያስቆመው የለም። ይኸኛው ግን በላስቲኩና በክሩ መሐል ቀበቶ አለው። እሾህ እዚያ ሲደርስ ይደክመዋል።» እንዲህ ያለ ቀበቶ ብዙ ጊዜ የሚሠራው ከጠንካራ ክር ነው፤ ከእነዚህ ክሮች ስመ ጥር የሆነውን ኬቭላርን ስቴፋኒ ክዎሌክ የተባለች አሜሪካዊት ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1965 አግኝታዋለች፤ ጥይት መከላከያ ሰደርያም ይሠራበታል።

«ከባድ ነው» አለ ልጁ። «ጽጋቡ በዚህ አይጋልብም።»

«ከጽጋቡ ኋላ ትርፍ ጎማ የጫነ መኪና ይከተላል። ከአንተ ኋላ ደን ነው ያለው።»

ልጁ ዝም አለ። ጎሚስታው አላወቀውም እንጂ፣ ታላላቆቹ ጋላቢዎችም ድንጋይ በተነጠፈበት በፓሪስ ሩቤ ውድድር ቀን ቀጭኑን ጎማ ትተው ሰፊውን ይመርጣሉ። ምክንያቱ ድካም ነው። ቀጭን ጎማ እንደ ድንጋይ እስኪጠጥር፣ እስከ 8 ባር ድረስ ይነፋል፤ ኮረኮንች ላይ ይዘላል፣ በዘለለ ቁጥር የጋላቢው ጉልበት ወደ ፊት መሆኑ ቀርቶ ወደ ላይ ይባክናል። ሰፊው ለዚያ ቀጭን ልጅ 5 ባር ይበቃዋል፤ ጠጠሩን ዋጥ አድርጎት ያልፋል። ሰፊ ጎማ ዘገምተኛ ነው የሚባለው ለስላሳ መንገድ ላይ ከሚኖሩ ሰዎች የመጣ ወሬ ነው።

ጎሚስታው በዚህ አላበቃም። ጎማው ከፍሬኑና ከሹካው ጋር እንዳይነካካ በመሐሉ ጣቱን አሳልፎ ለካ፤ ጭቃ የሚያልፍበት ክፍተት ካልቀረ 28 አይገባም፣ 25 ይሻላል። ገባ። ጎማውን በጥፍሩ ተጭኖ ልጁንም እንዲጫነው አደረገ። «ሱቅ ውስጥ ከዚህም የባሰ ደረቅ አለ። አንተ አርጅተህ እርሱ አያልቅም። እሱን ግን አልሰጥህም፤ እርጥብ ቁልቁለት ላይ መንገዱን አይጨብጥም። ጥርሱ አያታልልህ፤ የብስክሌት ጎማ የሚይዘው በላስቲኩ ልስላሴ ነው።» ስትመለስ ጎማውን እየጠረግህ የተሰካውን ስባሪ ሳይሰምጥ ንቀል አለው። የኋላው ክብደትህን ስለሚሸከም ቀድሞ ያልቃል፤ ሲያልቅ ግን ወደ ፊት እንዳታዛውረው፣ ከፊት ሁልጊዜ ጤነኛው ይሁን፣ የፊት ጎማ ሲፈነዳ መሬት ነው የሚቀበልህ አለው። ይህን ሁሉ በመጀመሪያው ቀን በአንድ ሲኒ ቡና ጊዜ ሊነግረው ይችል ነበር።

ጆን ዳንሎፕ እ.ኤ.አ. በ1888 በስሙ ያስመዘገበውን ነፋስ ያለበት ጎማ መጀመሪያ የሠራው ቤልፋስት ውስጥ ለትንሽ ልጁ ባለሦስት እግር ብስክሌት ነበር። አባት ልጁ መንገጫገጩን አይቶ የሠራው ነገር ነው። ጎሚስታው የዚያን ሰው ስም ሰምቶ አያውቅም፤ ያን ጠዋት ግን በዚያች ጎጆ ውስጥ ተንበርክኮ ጎማ ሲያስገባ የሠራው ያንኑ ሥራ ነበር።

ጨርሶ ተነሣና የማታውን እርጥብ ብር መልሶ ሰፌዱ ላይ አኖረ። ለጎማዎቹም አልቀበልም አለ። እናትየው ብሩን አነሣች፣ የጎማዎቹን ዋጋ ጨምራ ቆጠረችና እጁን ይዛ አስጨበጠችው።

«ዋጋውን ይውሰዱ» አለች። «መብላትዎ አልነበረም ጥፋቱ። ልጅዎም ደብተር ያስፈልጋታል። ጥፋቱ ዝምታዎ ነበር፤ እሱን ዛሬ ከፍለዋል።» እሾሁን ከሰፌዱ ላይ ሰብስባ ወደ ጣሳው መለሰችና «ይህንንም ይዘውት ይሂዱ። ለሚቀጥለው ሰው ሳይጠይቅዎ ያሳዩት» አለችው። ሁለተኛውን ቡና ጠጥቶ ሄደ።

ጣሳው ከዚያ ወዲህ ከሱቁ በር ላይ ተሰቅሏል። ጎማ ሊገዛ የመጣን ሁሉ ጎሚስታው አስቀድሞ «በየት በኩል ነው የምትሄደው?» ይለዋል፤ ከዚያ ጣሳውን አውርዶ መዳፉ ላይ ያፈስለታል። ገቢው ቀነሰ። ይህን መደበቅ ታሪኩን ማበላሸት ይሆናል፤ የሚበሳው ጎማ ሲያንስ የሚለጠፈውም አነሰ፣ አንዳንድ ቀን ሳፋው ውኃውን እንደያዘ ይመሻል። ብሎንና የካቴና ዘይት መሸጥ ጀመረ። የሴት ልጁን ደብተር በሁለት ጊዜ ነው የገዛላት።

ሰኔ ገባ። ጎረምሳው በማለዳ በሱቁ ፊት ወደ ቴፒ ይወርዳል፤ ጎማው እርጥቡን መንገድ ሲልስ ይሰማል። ማታ በዚያው ይመለሳል፤ ከመሪው ላይ አንድ እጁን አንሥቶ «ጋሼ!» ይላል፤ ጎሚስታውም ከተቀመጠበት ብድግ ይላል። ሐምሌ አለፈ፣ ነሐሴ አለፈ። ልጁ አንድ ቀንም አልቆመም።