ስጦታው የማን ነው?

በአውሮፓ የብርሃነ ልደቱ በዓል ሲቃረብ በብዙ ቁምስናዎች ደጃፍ የሚሸጥ አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም በሚሲዮን ሀገር የተነሡ ፎቶግራፎች የታተሙበት የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ወይም የመልካም ምኞት ካርድ ነው። ገዢው ለወዳጁ በስጦታ ያበረክተዋል፤ ገንዘቡም ለውኃ ጉድጓድ፣ ለክሊኒክ መድኃኒት ወይም ለትምህርት ቤት መቀመጫ ይውላል። አንዳንዱም ተመልሶ ወደ እኛ ይመጣና በጉለሌ በቢሮና በሳሎን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ እናየዋለን። ከወሮቹ በአንዱ፣ የባሕር ዛፍ ጭራሮና ቅጠል አዝለው ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወርዱ አንዲት እናት ይታያሉ። ሸክሙ ከራሳቸው ክብደት ብዙም የሚያንስ አይመስልም። ከሥር የተጻፈው የወሩ ስም እንጂ የእርሳቸው ስም አይደለም።

ይህን ሥራ ለመንቀፍ አንነሣም። በዚህ መንገድ የተገኘው ገንዘብ የስንቱን ጥም እንዳረካ የሚያውቁ ብዙዎች ናቸው። ልንጠይቅ የምንወደው ሌላ ነው፦ በዚህ ስጦታ ውስጥ ሰጪው ማን ነው? የተለመደው መልስ ካርዱን የገዛው ምእመንና ፎቶግራፉን ያነሣው ሚሲዮናዊ ሰጪዎች ናቸው፣ እናቲቱ ግን ተቀባይ ናቸው የሚል ነው። ሆኖም የእርሳቸው ፊት ከገጹ ቢነሣ የሚቀረው ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ብቻ ነው። እንግዲህ ከሁሉ አስቀድመው የሰጡ እርሳቸው ናቸው፤ ምናልባትም ሳይጠየቁ።

ሀገራችን በዚህ ረገድ ብዙ የምትናገረው አላት። በ1966 ዓ.ም. መጀመሪያ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሃብ በፊልም አሳይቶ የብዙዎችን ልብ ለምጽዋት አነሣሣ። ያው ፊልም ዓመት ሳይሞላው ከቤተ መንግሥት ግብዣ ምስሎች ጋር ተቀናብሮ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን በሚወርዱበት ዋዜማ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ። ምስል የያዘውን ሰው ዓላማ ሁሉ ያገለግላል፤ የተነሣው ሰው ግን በአንዱም ላይ ቃል የለውም።

ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ደግሞ ማይክል ቡርክና ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ መሐመድ አሚን ከኮረም ያቀረቡት ዘገባ በቢቢሲ ታየ። ከዚያ የተነሣ በቀጣዩ ወር የታወቁ ዘፋኞች ለንደን ላይ ተሰብስበው ለገና የሚሸጥ ሸክላ አወጡ፤ በአንድ ዓመት ውስጥም 8 ሚሊዮን ፓውንድ ያህል አስገኘ። የሸክላውን ሽፋን ያቀናበረው ሠዓሊው ፒተር ብሌክ ነው፤ በቀለም ባሸበረቀ የገና ትዕይንት መካከል ሁለት የተራቡ ሕፃናት በጥቁርና ነጭ ይታያሉ። ስለምንናገረው ነገር ከዚህ የጎላ ምሳሌ አናገኝም፤ የተራበ ሕፃን ፎቶግራፍ በገና ዛፍ ሥር የሚቀመጥ ስጦታ ሆነ። (ዘፈኑ እነዚህ ሰዎች ገና መሆኑን ያውቁ ይሆን ብሎ መጠየቁ፣ ከንጉሥ ኢዛና ዘመን ጀምሮ ልደትን የምታከብረውን ሀገር ሕዝብ ፈገግ ሳያሰኝ አልቀረም።)

ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. በለንደንና በፊላደልፊያ በተደረገው ታላቅ የሙዚቃ ዝግጅት፣ የካናዳ ቴሌቪዥን በትግራይ የቀረጻት ለሞት የተቃረበች ሕፃን ለዓለም ታየች። ሕፃኗ ብርሃን ወልዱ ግን አልሞተችም። ሰኔ 25 ቀን 1997 ዓ.ም. በለንደን ሃይድ ፓርክ፣ በተመሳሳይ ዝግጅት መድረክ ላይ ወጣት ሴት ሆና ቆመች። እስከዚያ ድረስ ሃያ ዓመት ሙሉ ብዙው ዓለም ያስታወሳት በሞት አፋፍ ላይ እንዳለች ነበር። ሕፃን ያድጋል፤ ፎቶግራፉ አያድግም።

ምናልባት ከእናንተ አንዱ «ጌታችንስ ድኻይቱን መበለት ለደቀ መዛሙርቱ አላሳየምን? ስሟንም እኮ አልነገረንም» ይል ይሆናል (ማር. 12፥41-44)። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ጌታ ያሳያት እንዴት አድርጎ ነው? ምንኛ እንደተቸገረች እዩልኝ አላለም፤ ከሁሉ አብልጣ የሰጠች መሆኗን አስታወቀ እንጂ። ድህነቷ የተነገረው የስጦታዋ መጠን እንዲታወቅ ነው። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤም እ.ኤ.አ. በ1965 ስለ ምእመናን ሐዋርያዊ ተግባር ባወጣው ድንጋጌ፣ በቁጥር 8 ላይ፣ በፍትሕ ለሰው የሚገባውን ነገር እንደ ፍቅር ስጦታ አድርጎ ማቅረብ እንደማይገባ፣ የተረጂውም ነጻነትና ክብር በጥንቃቄ መጠበቅ እንዳለበት ያስተምራል።

የአውሮፓ የረድኤት ድርጅቶችም እ.ኤ.አ. በ1989 ስለ ምስል አጠቃቀም የሥነ ምግባር ደንብ ተቀብለዋል፤ በ2006ም አሻሽለውታል። ደንቡ መልካም ነው። ይሁን እንጂ በአውሮፓ የተጻፈ ደንብ በእንጦጦ ቁልቁለት ላይ የሚፈጸመው በማን በኩል ነው?

በእናንተ በኩል ነው፣ ውድ ካቴኪስቶች። እንግዳው ካሜራውን ሲያወጣ ቋንቋ የሚተረጉመው ብዙ ጊዜ ካቴኪስቱ ነው። «እማማ፣ እንግዳው ፎቶግራፍ ሊያነሡዎት ይፈልጋሉ፤ ይፈቅዳሉ?» ይላል። እማማም «እሺ፣ የኔ ልጅ» ይላሉ። ይህ እሺታ ምን ያህል ነጻ ነው? ዱቄት በሚታደልበት ሰልፍ የቆመ ሰው ዱቄቱን ያመጣውን እንግዳ እምቢ ለማለት አቅም የለውም፤ ይሉኝታ አለ፣ ስፍሩ ይጎድልብኛል የሚል ስጋትም አለ። ስለሆነም ጥያቄው እደላው ካለቀ በኋላ፣ ከተቻለም በሌላ ቀን፣ በእደላው እጁ በሌለበት ሰው ቢቀርብ ይሻላል። ፎቶግራፉ ወዴት እንደሚሄድ፣ እንደሚሸጥና ገንዘቡ ለምን እንደሚውል ይነገራቸው። ስማቸው ይጻፍ ወይስ ይቅር የሚለውንም እርሳቸው ይወስኑ፤ ስም መጻፉ ክብር የሚሆንበት ጊዜ አለ፣ በተለይ ለታመመ ሰው መጋለጥ የሚሆንበትም ጊዜ አለ። ከታተመም በኋላ አንድ ቅጂ ይድረሳቸው።

እኛ ለፎቶግራፍ የክት ልብስ የምንለብስ ሕዝብ ነን። በየቤታችን ግድግዳ የሠርጉ፣ የምረቃውና የሟቹ ፎቶግራፍ በመስተዋት ተከፍፎ የሚሰቀለው በከንቱ አይደለም፤ ሰው ለዘላለም በምን መልክ እንዲታወስ እንደሚሻ ይናገራል። እንግዲህ እኒያ እናት ሸክማቸውን አውርደው፣ ጥለት ያለው ነጠላቸውን ለብሰው መነሣት ቢፈልጉ፣ ፎቶግራፍ አንሺው ደግሞ ሸክሙን ቢመርጥ የማን አሳብ ይፈጸም? የእርሳቸው ይመስለናል።

«በነጠላ የደመቁ እናት ፎቶግራፍ የማንንም ቦርሳ አይከፍትም» የሚል ይኖራል። እውነት ሊሆን ይችላል፤ ያዘነ ልብ ፈጥኖ ይሰጣልና። ገቢው ቢቀንስ፣ ጉድጓዱም በአንድ ዓመት ቢዘገይ፣ ያ ዓመት ከሩቅ ምንጭ ውኃ ለሚቀዱ ልጆች ረጅም ዓመት ነው። ይህን ቀላል ነገር ነው አንልም። ሆኖም ውኃው የሚቆፈረው ለእነዚያ እናት ልጆች ከሆነ፣ መዘግየቱ ይሻላል ወይስ ፎቶግራፉ የሚለው ጥያቄ አስቀድሞ የሚቀርበው ለእርሳቸው ነው። ምናልባትም «ግድ የለም፣ ከነሸክሜ አንሡኝ» ይሉ ይሆናል።