ብርሃን የሚያልፍበት ሥዕል
(ስለ መስተዋት ጥበብና ስለ ባለ እጆች)

እግዚአብሔር ሙሴን ደብተራ ኦሪትን ይሠራ ዘንድ ባዘዘው ጊዜ፥ የሥራውን አርኣያ በደብረ ሲና ካሳየው በኋላ ሠራተኛውንም በስሙ ጠርቶ ሰጠው። ይኸውም ከነገደ ይሁዳ የተወለደው ባስልኤል ነው፤ ረዳቱም ከነገደ ዳን የሆነው ኤልያብ ነበረ (ዘጸ. 31፥1-6)። መንፈስ እግዚአብሔር እንደ መላበት መጽሐፍ የመሰከረለት ይህ ባስልኤል ነቢይ አልነበረም፤ ንጉሥም አልነበረም፤ ወርቅ የሚያቀልጥ፥ የከበረ ድንጋይ የሚቀርጽ፥ እንጨት የሚጠርብ ባለ እጅ ነበረ እንጂ። በምዕራፍ 35 ቍጥር 34 ደግሞ ሌላ ነገር ተጨምሮ እናገኛለን፤ እርሱና ኤልያብ ሌላውን የማስተማር ችሎታ በልባቸው እንደ ተሰጣቸው ይናገራል። ጥበቡ ብቻ ተሰጥቷቸው ማስተማሩ ባይሰጣቸው ኖሮ፥ ደብተራው በእነርሱ ዘመን ተሠርቶ በእነርሱ ሞት ጠጋኝ ያጣ ነበረ።

ይህን መነሻ ማድረጌ ስለ አንድ ጥበብ ለመናገር ነው። ይኸውም የመስተዋት ሥዕል ነው፤ በልዩ ልዩ ቀለም ከቀለጠ መስተዋት ተቈርጦ፥ በእርሳስ ተያይዞ፥ በቤተ ክርስቲያን መስኮት ላይ የሚቆመው ሥዕል።

ከአምበር፥ ከቢቸናም ሆነ ከሞጣ በኩል አገሩን የሚዞር ሰው በየአጥቢያው አዳዲስ አብያተ ክርስቲያናት ሲታነጹ ያያል። የቀድሞው ክብ ቤት በጭቃና በእንጨት፥ ወይም በድንጋይ ተሠርቶ በሣር ይከደን ነበር፤ የዛሬው በብሎኬትና በሲሚንቶ ቆሞ በቆርቆሮ ይከደናል። የቀድሞው መስኮት ጠባብና ባለ እንጨት መዝጊያ ነበረ፤ የዛሬው ሰፊ ነው፤ በብረት ክፈፍ ቀይና ሰማያዊ፥ ቢጫና አረንጓዴ መስተዋት ይገባበታል። ገንዘብ የበረከተለት አጥቢያም በማተሚያ መኪና በላስቲክ ላይ የታተመ የቅዱሳን ሥዕል ገዝቶ በመስተዋቱ ላይ ያስለጥፋል። የበጋው ፀሐይ ጥቂት ዓመት ሲመታው ቀለሙ ይነጣል፤ ክረምቱ ሲመጣ ጠርዙ ይላቀቃል። የሰማዕቱ ፊት ከግንባሩ ጀምሮ ሲላጥ እያዩ ማስቀደስ ልብን ያሳዝናል። ሕዝቡን ግን አልወቅስም። ጤፉን ሸጦ፥ በሬውን ሸጦ የሰጠ ሕዝብ የሚገባውን ያህል አድርጓል፤ ወቀሳ ቢኖር ለዚያ ገንዘብ እውነተኛ ሥራ ሠርቶ የሚሰጠው ሰው ሳናሳድግ ለቀረን ለእኛ ለመምህራንና ለአስተዳዳሪዎች ነው።

እውነተኛው ሥራ እንዴት እንደ ሆነ ጥቂት እናገራለሁ፤ ሳይታወቅ የሚፈቀር ነገር የለምና። ብርጭቆ አሸዋ ነው። አሸዋው ከሶዳና ከኖራ ድንጋይ ጋር በብርቱ እሳት ሲቀልጥ ጥሩ መስተዋት ይሆናል። ቀለሙ ከላይ የሚቀባ አይደለም፤ በቀለጠው ውስጥ ማዕድን ይጨመርበታል። ኮባልት ጥልቅ ሰማያዊ ያደርገዋል፤ ማንጋኒዝ ሐምራዊ፤ ወርቅ በጣም ጥቂት ሲገባ እንደ ጽጌረዳ ያቀላዋል፤ መዳብ ደግሞ እንደ እሳቱ አገባብ አንድ ጊዜ አረንጓዴ፥ አንድ ጊዜ ቀይ ይሆናል። ቀለሙ ከመስተዋቱ ጋር አብሮ የቀለጠ ስለ ሆነ ስምንት መቶና ዘጠኝ መቶ ዓመት ፀሐይ ቢመታውም አይነጣም። ሠዓሊው አስቀድሞ የሥዕሉን ንድፍ በትክክለኛ መጠኑ በወረቀት ላይ ያወጣል፤ መስተዋቱ በዚያው ልክ ክፍል ክፍል ሆኖ ይቈረጣል። የፊቱን፥ የእጁንና የልብሱን እጥፋት ለማሳየት ከብረት ዝገትና ከደቀቀ ብርጭቆ በተሠራ ጥቁር ቀለም ይጻፍበትና እንደ ገና ወደ እሳት ይገባል፤ ቀለሙም ከመስተዋቱ ቆዳ ጋር ይዋሐዳል። ከዚህ በኋላ በግራና በቀኙ ቦይ ባለው የእርሳስ ዘንግ ክፍሎቹ ይያያዛሉ፤ መጋጠሚያው በቆርቆሮና በእርሳስ ይበየዳል፤ ነፋስና ዝናም እንዳያስገባ ማጣበቂያ ይሞላበታል፤ እንዳይጐብጥም በአግድም የብረት ዘንግ ይደገፋል።

በብራና ቤት ያደገ ሰው ይህን ሲሰማ እንግዳ አይሆንበትም። እኛም ጋ ቆዳው ተፍቆ፥ ተወጥሮ፥ ደርቆ፤ ቀለሙ ከጥላሸትና ከቅጠል ወራት ተበጥብጦ፤ ብርዑ ተቀርጾ ነው መጽሐፉ የሚጻፈው። ቁም ጸሐፊው ቢቸኩል ብራናው ይመሰክርበታል። በመስተዋትም ዘንድ እንዲሁ ነው።

አንዳንድ አባቶች ግን፥ ይህ ከምዕራብ የመጣ ነገር ነው፤ ለእኛ ቤተ ክርስቲያን ምን ይረባታል? ይላሉ። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። የመስተዋት ሥዕል በአውሮፓ አድጓል፤ በጀርመን አገር በአውግስቡርግ ካቴድራል ያሉት የነቢያት ሥዕሎች በአውሮፓ አቈጣጠር ከ1100 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የቆሙ ናቸው፤ የፈረንሣዩ የሻርትር ካቴድራል መስኮቶችም አብዛኞቹ የ12ኛውና የ13ኛው መቶ ዓመት ናቸው። ነገር ግን ባለ ቀለም ብርጭቆን በጀሶ ማዕቀፍ ውስጥ አስገብቶ መስኮት ማድረግ በግብጽና በየመን የቆየ የምሥራቅ ጥበብ ነው። ብርጭቆም በመጻሕፍት እንግዳ አይደለም፤ ኢዮብ የጥበብን ዋጋ ሲያነጻጽር ከወርቅ ጋር አብሮ ቈጥሮታል (28፥17)፤ ዮሐንስም በራእዩ የሰማያዊቱን ከተማ ወርቅ በጥሩ ብርጭቆ መስሎታል (21፥18)። ብርሃን መስተዋቱን ሳይሰብረውና ሳይለውጠው አልፎ መግባቱም፥ እግዚአብሔር ወልድ ማኅተመ ድንግልናዋን ሳይለውጥ ከእመቤታችን መወለዱን ለማስረዳት የሚመች ምሳሌ ነው፤ ሕዝቅኤል ተዘግታ ያያትን የምሥራቅ ደጅ (44፥2) ለምናስተምር ለእኛ ይህን መቀበል አያስቸግርም።

ሥርዓቱ ግን ይጠበቅ። የመስተዋት ሥዕል ቦታው ቅኔ ማኅሌቱና ቅድስቱ ነው፤ መቅደሱ ምስጢር ነውና በቀለም ብርሃን ማስጌጥ አያስፈልገውም። ሥዕሉም ከውጭ ካርድ ላይ የተቀዳ፥ ጠጕሩ ወርቃማ፥ ዓይኑ ሰማያዊ ሆኖ አይሁን። ቅዱስ ሉቃስ እንደ ሣላት የሚነገርላት የእመቤታችን ሥዕል በደብረ ወርቅ እያለችን፥ በየገዳሙ ግድግዳና በየተአምረ ማርያሙ ብራና የአባቶቻችን ሥዕል እያለልን፥ ንድፍ ፍለጋ ባሕር መሻገር ምን ይባላል? ደግሞም የእኛ ጥንታዊ ሥዕል ጥቁር ወሰን፥ ሰፊ ቀለም፥ ትልቅ ዓይን ያለው ስለ ሆነ ለመስተዋት ሥራ እጅግ ይስማማል፤ የእርሳሱ ዘንግ ራሱ ወሰን ይሆንለታልና።

በአገራችን ጥበቡ ያለ መሠረት አይደለም። በአዲስ አበባ በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ በመስኮቶቹ ላይ በመስተዋት ተሥሎ ይታያል። ከሁሉ ይልቅ የታወቀው ግን በአፍሪካ አዳራሽ ያለው ነው። አዳራሹ በአርክቴክት አርቱሮ ሜዜዲሚ ንድፍ ተሠርቶ በ1953 ዓ.ም. ተመረቀ፤ በ1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተውም በዚያ ነው። የአንኮበሩ ተወላጅ ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ የሠሩት የመስተዋት ሥዕል ስፋቱ 150 ካሬ ሜትር ሲሆን፥ በሦስት ክፍል ያለፈውን የአፍሪካ መከራ፥ ተጋድሎዋንና የወደፊት ተስፋዋን ያሳያል። ሎሬቱ ያን ጊዜ ገና 30 ዓመት አልሞላቸውም ነበር። የተናገረው ሐሳብ የእኛ፥ የሣለው እጅ የእኛ ሆኖ ሳለ፥ መስተዋቱን የቈረጠውና ያያያዘው እጅ ግን የፈረንሣይ ነበረ። ሎሬቱ በ2004 ዓ.ም. ዐረፉ። አዳራሹ ከብዙ ዓመት ጥገና በኋላ በ2017 ዓ.ም. እንደ ገና ሲከፈትም የመስተዋቱን ጥገና የመሩት ከፈረንሣይ የመጡ ጠበብት ናቸው። ሥራቸው የሚመሰገን ነው። ሆኖም በእነዚህ ከ60 በሚበልጡ ዓመታት መካከል አንድ ሙሉ ትውልድ ተወልዶ፥ ተምሮ፥ ሸብቷል፤ እርሳስ የሚበይድ ደቀ መዝሙር ግን እንደሚገባ አላፈራንም። ሠዓሊ አላጣንም፤ አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. ያቋቋሙት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ብዙ ሠዓልያን አውጥቷል። ያጣነው የባስልኤልን ሁለተኛ ስጦታ ነው። በመርጡለ ማርያም ከንግሥት እሌኒ ዘመን ጀምሮ የቆየውን ቅርጽ ድንጋይ ያየ ሁሉ ይደነቃል፤ የጠራቢው ትምህርት ለማን ተላለፈ ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

ምክንያቱን ሩቅ አንፈልገው። በእኛ አገር ባለ እጅ ሲናቅ ኖሯል። ብረት የሚቀጠቅጠውን፥ ሸክላ የምትሠራውን፥ ሸማ የሚሸምነውን ቡዳ ነው፥ ጠይብ ነው እያልን፥ በእጃቸው ሥራ እየተጠቀምን ከገበታችን አርቀናቸዋል። ዐፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው ምክንያት መስደብን በ1900 ዓ.ም. በዐዋጅ ከለከሉ፤ ዐዋጁ ወጣ፥ ስድቡ ግን ቀረ ለማለት አያስደፍርም። ዛሬም ልጁ በእሳትና በብረት የሚሠራ ሙያ ልማር ሲለው ፊቱን የሚያጠቍር አባት አለ። እኛ የመጻሕፍት ሰዎችም ከዚህ ንጹሐን አይደለንም። ሲራክ በምዕራፍ 38 ጸሐፊን ከፍ ማድረጉን ደስ ብሎን እንጠቅሳለን፤ በዚያው ምዕራፍ ስለ ማኅተም ቀራጩ፥ በእሳት ወላፈን ሥጋው ስለሚቀልጠው አንጥረኛና እግሩ መንኰራኵር ስለሚያዞረው ሸክላ ሠሪ የተናገረውን ግን ቶሎ እናልፈዋለን። ያለ እነርሱ ከተማ እንደማይቀና፥ የእጃቸውም ሥራ እንደ ጸሎት እንደሚቈጠርላቸው ያስተምራል። ጌታችንስ የጸራቢ ልጅ ተብሎ አልነበረምን?

ከካህናት ወገን የሚነሣው ሁለተኛ እንቅፋት የገንዘብ ነው። አዲስ መሥራት ያስመሰግናል፥ ስም ያስጽፋል፤ አሮጌውን መጠገን ግን አይታይም። በነገሥት ራብዕ በምዕራፍ 12 የተጻፈውን እንመልከት። በንጉሡ በኢዮአስ ዘመን ካህናቱ የመቅደሱን ገንዘብ እየተቀበሉ እስከ 23ኛው ዓመተ መንግሥቱ ድረስ የፈረሰውን አልጠገኑም ነበር። ያን ጊዜ ካህኑ ዮዳሄ የሣጥን ክዳን ነድሎ በመሠዊያው አጠገብ አኖረ፤ የተጠራቀመውም ለጠራቢዎች፥ ለግንበኞችና ለእንጨት ሠራተኞች ተሰጠ። በዚያ ገንዘብ ወርቅና ብር ዕቃ እንዳልተሠራበት መጽሐፍ ለይቶ ይናገራል። ሠራተኞቹም በታማኝነት ይሠሩ ስለ ነበረ ሒሳብ እንኳ አልተጠየቁም። እኛ ዘንድ ግን ብዙ ጊዜ ሒሳብ የሚጠየቀው ሠራተኛው ነው። ደመወዙም በልመና የሚሰጥበት ደብር አለ።

እንግዲህ በየሀገረ ስብከቱ ሁለት ሦስት ወጣት ዲያቆናት ተመርጠው፥ ሥዕልን ከሚያውቅ መምህር ዘንድ ንድፍ፥ ከብርጭቆ ሠራተኛ ዘንድ መቍረጥና መበየድ ቢማሩ ሥራው ይጀመራል። ደብሩ የዕለት ጕርሳቸውን ይቻል፤ ዓመቱ ሲሞላም ከደጅ ጠባቂ በታች አያስቀምጣቸው። አንድ ነገር ግን አስቀድሞ ይነገራቸው፤ እርሳስ መርዝ ነው። ሲሠሩ አይብሉ፤ እጃቸውን በሚገባ ሳይታጠቡ ልጅ አይቀፉ፤ የሥራ ልብሳቸውን ወደ ቤት አይውሰዱ፤ ጢሱም መውጫ ባለው ክፍል ይሥሩ። አምስት ዓመት ሳይሞላ ሙሉ መስኮት እንዲሠሩ አይጠበቅ፤ ድጓ የሚማረው ልጅ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ እናውቃለን።

ባለ ሙያ እስኪገኝ ድረስ ደግሞ የመስተዋት ሥዕል ያላቸው አብያተ ክርስቲያናት አስተዳዳሪዎች ይህን ያድርጉ። ክፍሉ ቢሰበር ስብርባሪው ሁሉ ይለቀም፤ በጨርቅ ተጠቅልሎ በሣጥን ይቀመጥ፤ የየትኛው መስኮት እንደ ሆነና የተሰበረበት ቀን ተጽፎ ይኑርበት። መስኮቱ በደኅና ጊዜ ፎቶግራፍ ይነሣ። በቀዳዳው በኩል ቆርቆሮ ወይም ሲሚንቶ አይመረግበት፤ ለጊዜው ነጭ መስተዋት ከውጭ በኩል ይደገፍበት። ለበዓል ጽዳት ተብሎ በአሲድ፥ በሚፋቅ ዱቄትና በሸካራ ብሩሽ አይታሽ፤ ጥቁሩ ጽሕፈት ከለቀቀ አይመለስምና፤ አቧራው በለስላሳ ደረቅ ጨርቅ ቀስ ተብሎ ይነሣ። እርሳሱ ጐብጦ መስተዋቱ ወደ ውስጥ ሲያዘነብል የታየ እንደ ሆነ፥ በእጅ ተገፍቶ እንዲመለስ አይሞከር፤ በእንጨት ይደገፍና ለሀገረ ስብከቱ በጽሑፍ ይታወቅ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።