«አገኘሁ» እንጂ «ሆነ» አትበል

የሐዲስ ዑለማዎች እውቀት ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍባቸውን መንገዶች በጥንቃቄ ለይተዋል። በ643 ዓመተ ሂጅራ ያረፉት ኢብኑ ሰላሕ (አላህ ይዘንላቸው) ስምንት አድርገው አስቀምጠዋቸዋል። የመጀመሪያው ተማሪው ከሸኹ አንደበት በጆሮው መስማቱ ነው። የመጨረሻው ደግሞ «ዊጃዳ» ይባላል፤ ይኸውም አንድ ሰው ጸሐፊውን ሳያገኝ፣ ቃሉን ሳይሰማ፣ የማስተላለፍ ፈቃድም ሳይቀበል ጽሑፉን ብቻ ሲያገኝ ነው። እንዲህ ያለ ሰው «እገሌ ነገረኝ» ማለት አይፈቀድለትም። «በእገሌ የእጅ ጽሑፍ አገኘሁ» ይላል። ጽሑፉ የዚያ ሰው ስለመሆኑ ካላረጋገጠ ደግሞ «የእገሌ ነው በተባለ ጽሑፍ» ብሎ ራሱን ይጠብቃል።

ይህን የቆየ ደንብ ያነሣሁት ስለ ድሮ ጋዜጦች ለመነጋገር ነው። በየዓመቱ ሚያዝያ ሲገባ የ1966ቱ የሙስሊሞች ሰላማዊ ሰልፍ ይታወሳል፤ ከዚያም የጋዜጣ ቁራጭ ከስልክ ወደ ስልክ መዞር ይጀምራል። ቁራጩ ቀን የለውም፣ ገጽ የለውም፣ አንዳንዴ የጋዜጣው ስም እንኳ ተቆርጦ ቀርቷል። ከሥሩ ግን «እውነቱ ይኸው!» የሚል ተጽፎበታል። ለመሆኑ የድሮ ጋዜጣ ያገኘ ሰው «እንዲህ ሆነ» ብሎ የመመስከር መብት አለው? የለውም ባይ ነኝ። ያለው መብት «በዚህ ጋዜጣ፣ በዚህ ቀን፣ በዚህ ገጽ ይህን አገኘሁ» ማለት ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ትንሽ ይመስላል፤ በአላህ ፊት የሚያስጠይቀን ግን ያ ርቀት ነው።

የጋዜጣ ወረቀት ከተፈጨ እንጨት የሚሠራ ርካሽ ወረቀት ስለሆነ በውስጡ ያለው አሲድ ራሱን ይበላዋል፤ ይወይባል፣ ይሰባበራል። ስለዚህ ታላላቅ ቤተ መጻሕፍት ገጹን በካሜራ አሳንሰው በ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ላይ ማንሣት ያዙ። እ.ኤ.አ. በ1935 የኮዳክ ኩባንያ ኒውዮርክ ታይምስን በዚህ መንገድ ማንሣት ከጀመረ ወዲህ ሥራው በዓለም ተስፋፋ። ሠላሳ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው አንድ ጥቅል የብዙ ወራት ጋዜጣ ይይዛል። በዋሽንግተን የሚገኘው የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት የአፍሪካ ጋዜጦችን ለብዙ አሥርት ዓመታት በፊልም ሲያስቀር ኖሯል። በቺካጎ ደግሞ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ከእ.ኤ.አ. 1963 ጀምሮ ተባብረው የአፍሪካን ኅትመት በፊልም ያሰባስባሉ። በአገር ቤት ወመዘክርና በስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የድሮ ጋዜጦች የሚፈለጉባቸው ዋነኞቹ ቦታዎች ናቸው። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ዋሽንግተን ያለ ወንድምህ አንድ ቅዳሜውን ቢሰዋ ብዙ ሊረዳህ ይችላል።

ነገር ግን ፊልሙ ፊት መቀመጥ የራሱ ሥርዓት አለው። በጥቅሉ መግቢያ ላይ የጋዜጣው ስምና የሚሸፍነው ጊዜ፣ አንዳንዴም የጎደሉት ዕትሞች ዝርዝር ይገኛል። ብዙ ሰው ይህን በችኮላ ያልፈዋል። የሐዲስ ሊቃውንት ሰነድ የሚሉት ግን ይህንኑ የመሰለ ነገር ነው፤ ነገሩ ከየት መጣ፣ በማን እጅ አለፈ፣ የት ላይ ተቋረጠ? በአማርኛችንም ሰነድ ማለታችን ያለ ነገር አይደለም።

የዘመን አቆጣጠሩም ሰው ያስታል። ሰልፉ የተደረገው ቅዳሜ ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጆቹ ኤፕሪል 20 ቀን 1974፣ በሂጅራ ረቢዕ አል-አወል 1394 ማለት ነው። በውጭ አገር ቤተ መጻሕፍት «የ1966 ጥቅል ስጡኝ» ያለ ሰው በእኛ የ1958 ጋዜጣ ይሰጠዋል፤ ቀኑን ሙሉ ፈልጎ ያጣና «ደብቀውታል!» ብሎ ይወጣል። ወሩን አስተካክሎ ቀኑን የሳተም ከሰልፉ ስምንት ቀን ቀድሞ ይፈልጋል። ጋዜጣ ደግሞ ዛሬ የሆነውን የሚያወራው ነገ ነው፤ ስለዚህ የቀጣዮቹን ሁለት ሳምንታት ዕትሞች አንድ በአንድ ማየት ያሻል። አለማግኘት አለመኖርን እንደማያስረዳ የኡሱል ሊቃውንት ያስተማሩት በከንቱ አይደለም።

አሁን ገጹን አገኘህ እንበል። ከፊትህ ያለው ምስክር ማን ነው? አዲስ ዘመን ከግንቦት 30 ቀን 1933 ዓ.ም. ጀምሮ የሚወጣ የመንግሥት ጋዜጣ ነው። በዚያን ጊዜ በሥራ ላይ የነበረው የ1948ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 126 የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንን የመንግሥት ሃይማኖት አድርጎ ደንግጓል። የእኛ ወገን በይፋ አነጋገር «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» ይባል ነበር፤ በገዛ አገሩ እንግዳ ይመስል። ሰልፈኞቹ ለጠቅላይ ሚኒስትር እንዳልካቸው መኮንን መንግሥት ካቀረቧቸው ጥያቄዎች አንዱ ይህ ስያሜ ተለውጦ «ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች» እንዲባሉ ነበር። ሃይማኖትና መንግሥት እንዲለያዩ፣ በዓሎቻችንም እንዲከበሩ ጠይቀዋል። በ1967 ዓ.ም. ሦስቱ በዓላት በአገር ደረጃ እንዲከበሩ ተወስኗል።

እንዲህ ባለ ሥርዓት ውስጥ የታተመ ጋዜጣ ስለ እኛ ትንሽ ቢናገር ወይም ዝም ቢል፣ ዝምታው ስለ ጋዜጣው ይመሰክራል እንጂ ስለ ድርጊቱ አይመሰክርም። እስከዚህ ድረስ ብዙዎቻችን እንስማማለን። አስቸጋሪው የሚቀጥለው ነው። ያው ጋዜጣ እኛን ደስ የሚያሰኝ ነገር የጻፈ ዕለትስ? ትናንት «የመንግሥት አፍ» ያልነውን ዛሬ «ጋዜጣው ራሱ መስክሯል» ብለን ልንይዘው ነውን? ምስክርን በጠቀመን ጊዜ ዓዲል፣ በጎዳን ጊዜ ፋሲቅ ማድረግ ፍርድ አይደለም። ሱረቱል ሑጁራት ስድስተኛው አንቀጽ ወሬ ሲመጣ አጣሩ ብሎ ሲያዘን፣ የምንወደውን ወሬ ነጥሎ አላስቀረልንም።

ስለ ሰልፉ ስንናገር ብዙ ጊዜ መቶ ሺህ ሰው ወጣ እንላለን። ማን ቆጠረ? ቁጥሩ ግምት ነው፤ ግምት ነው ብለን ብንናገር ሰልፉ አያንስም። ከዚህም በላይ በዚያ ቀን ከሙስሊሞች ጎን ክርስቲያን ወገኖችም ተሰልፈዋል። ቁራጭ የሚያዞሩ ሰዎች ይህችን መስመር ሲዘሏት እንታዘባለን፤ የበደል ታሪክ ስለምታደበዝዝባቸው ይሆናል። እኔ እንደሚመስለኝ ግን የታሪኩ ክብር ያለው እዚያ መስመር ላይ ነው። የሕዝብ ጥላቻ ከፍትሕ እንዳያስወጣን በሱረቱል ማኢዳ ስምንተኛው አንቀጽ ተነግሮናል። መቀስም ከፍትሕ ሊያስወጣ ይችላል። ፊልሙን ያየ ሰው አማና ተሸክሟል፤ የሚጠቅመውንም የማይጠቅመውንም ሙሉውን ገጽ ሊያወጣ ይገባዋል።

ሌላም ፈተና አለ። የድሮ ጋዜጣ ሰልፍና አዋጅ ብቻ አይደለም። የፍርድ ቤት ዜና አለ፣ የኪሳራ ማስታወቂያ አለ፣ የባልና ሚስት ክስ አለ። መርካቶ ውስጥ የተከበረ ሱቅ ያለው የአንድ ወንድም አያት በሰባት መስመር ዜና «በማታለል ተከሰሱ» ተብለው ልታገኛቸው ትችላለህ። ፍርዱ ምን እንደሆነ ሌላ ዕትም ይናገር ይሆናል፤ ላይናገርም ይችላል። ጠብቀው ያልመጡበትን ነገር ያገኙ ሰዎች ምላሳቸው ይበላቸዋል። በሑጁራት አሥራ ሁለተኛው አንቀጽ ነውር መከታተልና ማማት ተከልክሏል፤ ሙታንንም መስደብ የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ.) ከልክለዋል። «ታትሞ የወጣ ነው፣ ምስጢር አይደለም» የሚል መልስ ይሰማል። ሆኖም ስድሳ ዓመት የተረሳን ክስ ከጨለማ አውጥቶ ማንበብ እንደ አዲስ ማተም ነው። ዑለማዎች የሐዲስ ዘጋቢዎችን ጉድለት በግልጽ የተናገሩት ለዲን ጥበቃ ግድ ስለሆነባቸው ነበር፤ እነርሱም ከሚያስፈልገው በላይ አይጨምሩም ነበር። ሹም በሥልጣኑ የሠራው በደል ለታሪክ ያስፈልጋል። የባለሱቁ ክስ ለማን ያስፈልጋል?

ስለ ፊልሙ ራሱም አንድ ነገር መነገር አለበት። አንዳንድ ታላላቅ ቤተ መጻሕፍት ጋዜጣውን በፊልም ካነሡ በኋላ ወረቀቱን ሸጠዋል ወይም ጥለዋል። አሜሪካዊው ደራሲ ኒኮልሰን ቤከር በእ.ኤ.አ. 2001 ባሳተመው መጽሐፉ በዚህ ላይ አጥብቆ ተከራክሯል፤ የብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት ሊያስወግዳቸው ከነበሩት ጋዜጦች ብዙውን በገንዘቡ ገዝቶ አትርፏል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ፊልሙ ላይ የደበዘዘ ገጽ፣ የታጠፈ ጥግ፣ ያልተነሣ ዕትም ቢኖር የሚመሳከርበት ዋናው ቅጂ ጠፍቷል ማለት ነው። የእኛ ሊቃውንት አንድ ኪታብ ሲገለበጥ ከዋናው ጋር ማስተያየትን ሙቃበላ ይሉታል፤ ሙቃበላ ያልተደረገለትን ቅጂ ያለ ጥንቃቄ አይቀበሉም ነበር። ስለዚህ በየቤታችን ሣጥን ውስጥ ያሉ የድሮ ጋዜጦችን፣ የአባቶቻችንንም ሆነ እኛ በ1980ዎቹ ማብቂያ የገዛናቸውን ኢስላማዊ ጋዜጦችና መጽሔቶች፣ ለበርበሬ መጠቅለያ አናድርጋቸው። ታሪክ ተመራማሪው ፕሮፌሰር ሁሴን አሕመድ እ.ኤ.አ. ከ1991 በኋላ ስለተስፋፋው ኢስላማዊ ኅትመት ሲጽፉ ያነበቡት እንዲህ ያሉትን ወረቀቶች ነበር።

በአግባቡ የተነሣና በቀዝቃዛ፣ ደረቅ ቦታ የተቀመጠ ፊልም አምስት መቶ ዓመት ሊቆይ ይችላል ይባልለታል። በ1966 ሃያ ዓመት የሞላቸው ሰልፈኞች ግን ዛሬ ሰባውን አልፈዋል። የእነርሱ መንገድ ዊጃዳ አይደለም፤ ሰማዕ ነው፣ የመጀመሪያው መንገድ። ገጹን በወረቀት አትመህ፣ ቀኑንና የገጹን ቁጥር ጽፈህበት፣ በሰፈርህ መስጊድ ከዐስር በኋላ ግድግዳ ተደግፈው ወደሚቀመጡት ሽማግሌ ሂድ። «አባባ፣ ጋዜጣው እንዲህ ይላል፤ እርስዎ የት ነበሩ? ምን አዩ?» በላቸው። የሚሉህን በስማቸውና በዕለቱ ቀን ጻፈው፤ ከጋዜጣው ጋር የማይገጥም ቢሆንም እንኳ አታስተካክለው።