ሳይነካኩ መቀባበል

በየሰፈሩ ምሰሶ ላይ የተሰቀለው ግራጫ ትራንስፎርመር ሆዱ ውስጥ የሚሽከረከር መዘውርም ሆነ የሚነድ ነዳጅ የለውም። ያለው ዘይት ውስጥ የተነከረ ብረትና በብረቱ ላይ የተጠመጠመ ሽቦ ነው። በ15,000 ቮልት የሚመጣው መስመር አንደኛው ጥቅልል ውስጥ ገብቶ ከዚያው ይመለሳል፤ ወደየቤቱ የሚወርደው ሽቦ የሚነሳው ከሌላኛው ጥቅልል ነው። ሁለቱ አይነካኩም፤ ቢነካኩማ ጉዳቱ ብዙ ነው። ያም ሆኖ እንጀራ የሚጋግረው ኃይል ከአንዱ ወደ ሌላው ይሻገራል። ባሰብኩት ቁጥር መደነቄ አይቀንስም።

ኤርስቴድ እ.ኤ.አ. በ1820 የኤሌክትሪክ ጅረት የማግኔት መርፌን እንደሚያንቀሳቅስ ካሳየ ወዲህ፣ ተገላቢጦሹ ይሆን እንደሆነ የመረመሩ ብዙ ነበሩ። ከእነሱ አንዱ ማይክል ፋራዴይ ነው፤ የአንጥረኛ ልጅ፣ በመጽሐፍ ጥረዛ ሥራ ላይ ሆኖ የሚጠርዛቸውን መጻሕፍት እያነበበ ሳይንስን የተማረ ሰው። ኦገስት 29 ቀን 1831 ለንደን ውስጥ፣ በሮያል ኢንስቲቲዩሽን፣ አንድ የብረት ቀለበት ላይ በሁለት ወገን የመዳብ ሽቦ ጠመጠመ። ሽቦ ከሽቦ እንዳይነካካ በመሃሉ ጨርቅና ሲባጎ አስገባ። አንዱን ወገን ከባትሪ ጋር ሲያገናኝ በሌላው ወገን ሽቦ ሥር የነበረችው መርፌ ተወዛወዘች፤ ወዲያው ግን ወደ ቦታዋ ተመልሳ ቆመች። ባትሪው እንደተያያዘ ነው፣ ጅረቱም እየፈሰሰ ነው፤ መርፌዋ ግን ጸጥ አለች። ሲያላቅቀው እንደገና ተወዛወዘች።

ጸንቶ የሚቆይ ውጤት የጠበቀ ሰው ያቺን ቅጽበት እንደ ተራ ንዝረት ቆጥሮ ሊያልፋት ይችል ነበር። ፋራዴይ አላለፋትም፤ እኔም ከትጋቱ ሁሉ አብልጬ የማከብረው ይህንን ነው። በሁለተኛው ጥቅልል ላይ ኤሌክትሪክ የሚያስነሳው የመጀመሪያው ጥቅልል ጅረት በብረቱ ላይ የሚፈጥረው ማግኔት መለዋወጥ ነው። ማግኔቱ የቱንም ያህል ቢበረታ፣ ካልተለወጠ የሚያሻግረው ነገር የለም።

በመስመራችን ላይ ያለው ጅረት በሰከንድ 50 ጊዜ ወዲያ ወዲህ የሚመላለሰውም ስለዚህ ነው። ብረቱ በእያንዳንዱ ምልልስ ሁለት ጊዜ ለዓይን በማይታይ መጠን ይለጠጥና ይኮማተራል፤ ከምሰሶው ሥር ለቆመ ሰው የሚሰማው ጉምጉምታ በሰከንድ 100 ጊዜ የሚርገበገብ የብረት ድምፅ ነው።

የሁለተኛው ጥቅልል ዙር ከመጀመሪያው እጥፍ ከሆነ ቮልቴጁ እጥፍ ይሆናል፣ ጅረቱ በግማሽ ይቀንሳል፤ ከምንም የሚገኝ ትርፍ ኃይል የለም። ርቀት የሚሸነፈው ግን በዚሁ ነው። ሽቦን የሚያሞቀው ጅረቱ ስለሆነ ቮልቴጁ 10 እጥፍ ሲያድግ ለዚያው ኃይል የሚያስፈልገው ጅረት ወደ አንድ አሥረኛ፣ በሙቀት የሚባክነው ደግሞ ወደ አንድ መቶኛ ይወርዳል። ከሕዳሴው ግድብ ወደ ሆለታ የተዘረጋው መስመር 500 ኪሎ ቮልት መሆኑ ያለ ምክንያት አይደለም። ከዚያ ወዲህ በየማከፋፈያ ጣቢያው ደረጃ በደረጃ ወርዶ ሰፈር ይደርሳል፤ በየደረጃውም አንዱ ጥቅልል ያበቃና ሌላው ይጀምራል። ስለዚህ ከግድቡ ተነስቶ አምፖላችን ውስጥ የገባ ኤሌክትሮን የለም። እዚህ ያሉት እዚሁ ወዲያ ወዲህ ይላሉ፤ የሚጓዘው ኃይሉ ነው።

ይበልጥ የሚያስደንቀኝ የመልሱ መንገድ ነው። አንዲት እናት የኤሌክትሪክ ምጣዷን ስታበራ በታችኛው ጥቅልል የሚፈሰው ጅረት የራሱን ማግኔት ፈጥሮ የላይኛውን ይቃወማል፤ የላይኛውም ያንን ለማካካስ ከመስመሩ ተጨማሪ ጅረት ይስባል። የማከፋፈያ ጣቢያው ትራንስፎርመርም በተራው ከበላዩ ይጠይቃል። ጥያቄው እንዲህ ሳይነካኩ እየተቀባበሉት እስከ ማመንጫው ይዘልቃል። አንድ ምጣድ እዚያ ኢምንት ነው። በየቤቱ ብዙ ምጣድ አብሮ ሲበራ ግን ሸክሙ ተርባይኖቹ ላይ ያርፋል፤ ፍጥነታቸው በጥቂቱ ይቀንሳል፣ 50 የነበረው ምልልስም ዝቅ ይላል፤ የፍጥነት መቆጣጠሪያው ይህን ሲያውቅ የውኃውን መግቢያ ከፈት ያደርጋል፣ ተጨማሪ ውኃም ወደ ተርባይኑ ይገባል።