በተማሪ ድርሰት ላይ ስለሚሰጥ ፍርድ

ፍርድ በችሎት ብቻ የሚሰጥ የሚመስላቸው ሰዎች ብዙ ናቸው። ነገር ግን በቀይ እስክሪብቶ በተማሪ ደብተር ላይ ነጥብ የሚጽፍ መምህርም ዳኛ ነው፤ ያውም ብዙ ጊዜ ይግባኝ የማይባልበት ዳኛ። የሚፈርደውም በገንዘብ ወይም በመሬት ላይ ሳይሆን ገና በማደግ ላይ ባለ አእምሮ ላይ ነው። ስለዚህ አንድ ድርሰት ደግ ነው ወይም ደካማ ነው የምንለው በምን መዝነን ነው? ይህ ጥያቄ የመምህራን የሙያ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የግብረ ገብ ጥያቄም ነው።

ነገሩን ለማስረዳት በጎጃም ተማሪ ዘንድ እጅግ የታወቀውን መጽሐፍ እንውሰድ። በ1958 ዓ.ም. የታተመው የክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» የጎጃም ሰው የጻፈው የጎጃም ታሪክ ነው፤ በመጽሐፉ ውስጥ ስሟ ደጋግሞ የሚነሣው ዲማ ጊዮርጊስም ለብቸና ጎረቤት ናት። በብቸናና በሞጣ ባስተማርሁባቸው ዓመታት ስለዚህ መጽሐፍ የተጻፉ ብዙ ድርሰቶች አርሜአለሁ። ድርሰቶቹም በሦስት ወገን የሚከፈሉ ናቸው።

የመጀመሪያው ወገን ታሪኩን እንደ ገና የሚተርክ ነው። በዛብህ ተወለደ፣ ተማረ፣ ሰብለ ወንጌልን ወደደ፣ ሞተ ብሎ ይጨርሳል። አንዳንዱም መጽሐፉን ሳይገልጥ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው የሰማውን የሚጽፍ ነበር። ይህ የማስታወስ ችሎታን ያሳያል፤ ማሰብን ግን አያሳይም።

ሁለተኛው ወገን በተዋሰው ቃል የሚያምር ነው። የመጽሐፉ ባላባቶች የኖሩበት የመሬት ሥሪት በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ከተሻረ በኋላ፣ ፊታውራሪ መሸሻን «አድኃሪ ፊውዳል»፣ ጉዱ ካሳን «ተራማጅ» ብሎ የጻፈ ተማሪ ሁሉን የተናገረ ይመስለው ነበር። ዘመኑ ሲለወጥ ቃሉ ተለወጠ፤ የመዋሱ ልማድ ግን አልተለወጠም። ዛሬም የእጅ ስልክ ተጠይቆ በቅጽበት የሚያቀርበው እንከን የሌለበት የሚመስል ድርሰት አለ። አባቶቻችን ግን «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ብለዋል። በዋሸራና በጎንጅ የቅኔ ጉባኤ ቤቶች ተማሪ ቅኔ የሚቈጥረው በገዛ አሳቡ ነው፤ ሌላው የተናገረውን ቅኔ የራሱ አስመስሎ ማቅረብ ትልቅ ነውር ነው። እንግዲህ የራስን አሳብ የማክበር ሕግ ከውጭ አገር የመጣብን አይደለም፤ በገዛ ቤታችን የኖረ ነው።

ሦስተኛው ወገን ጥቂት ነው፤ ብዙ ጊዜም ልብሱ ያላማረ ነው። ከእነዚህ አንዱ ፊደሉ የተንጋደደ፣ ነጠላ ሰረዙ የጠፋበት ድርሰት ነበር። የጻፈው ልጅ የሚያነሣው ነገር ግን እንዲህ ነው፦ የሰብለ ወንጌልን ዕድል የዘጋው ባሏን በዘር ሐረግ የሚመርጠው የአባቷ ኩራት ነው፤ የበዛብህን ዕድል የዘጋውስ ማን ነው? ባላገሮቹ ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ ልጃቸው እንዲያድግላቸው ብለው፣ ሳያገባ እግዚአብሔርን እንዲያገለግል ተሳሉ። ታዲያ ልጅን ሳይጠይቁ ዕድሉን መቍረጥ የጌታ ሲሆን ኩራት፣ የድኻ ሲሆን ፍቅር ይባላልን?

እኔ በዚህ አሳብ ሙሉ በሙሉ አልስማማም። ሞት ልጁን እንዳይወስድበት ፈርቶ የሚሳል ወላጅና ለዘሩ ክብር ሲል ልጁን ያለ ባል የሚያስቀር ባላባት በአንድ ሚዛን የሚቀመጡ አይመስለኝም። ይሁን እንጂ ልጁ ያየውን አይቷል፤ ያየበትንም ስፍራ ከመጽሐፉ አሳይቷል። መምህሩ የሚመዝነው ተማሪው በደረሰበት መደምደሚያ መስማማቱን ሳይሆን የመጣበትን መንገድ ነው። ከራሴ አሳብ ጋር ለተስማማው ሁሉ ነጥብ የምጨምር ብሆን ኖሮ፣ ዳኛ መሆኔ ቀርቶ ከሙግቱ ተካፋይ በሆንሁ ነበር።

«እንዲህ ከሆነ አሳብ ሁሉ እኩል ነው፤ መመዘንም አይቻልም» የሚል ሰው ሊኖር ይችላል። እኩልስ አይደለም። በድሮው ሙግት ተሟጋቹ «በላ ልበልሃ» ብሎ የፈለገውን ያህል ቢራቀቅ፣ ነገሩ የሚጸናው በምስክር ነበር። የድርሰት ምስክር መጽሐፉ ነው። ሰብለ ወንጌል የአባቷን ቃል መጣሷ ያስወቅሳታል የሚል ተማሪ ከታሪኩ አስረድቶ ከተከራከረ ነጥቡን ያገኛል፤ ያለ ማስረጃ የሚያመሰግናት ግን አያገኝም። ዲማ ቅርብ በመሆኗ አንዳንድ የብቸና ተማሪ የመንደር ወሬ ይዞ፣ ፊታውራሪ መሸሻ የእገሌ አያት ናቸው ብሎ ይጽፍ ነበር። ልብ ወለድ ታሪክ ግን ከመንደር ወሬ ምስክር አይቈጠርለትም።

ፊደልና ሰዋስው ይናቅ ማለቴ አይደለም። ከ20 ነጥብ 10ሩን ለአሳቡና ለማስረጃው፣ 5ቱን ለአሳቡ ቅደም ተከተል፣ 5ቱን ለቋንቋው እሰጥ ነበር። እንዲህ ለያይቶ መመዘን የሚጠቅመው አንዱ ጕድለት ሌላውን ሀብት እንዳይውጠው ነው። መጽሐፍ ከሌለበት ቤት የመጣ የገበሬ ልጅ በፊደል ግድፈት 3 ነጥብ ቢያጣ ተገቢ ነው፤ ስለ ግድፈቱ አሳቡን ጭምር ማሳጣት ግን ግፍ ነው። የደብተሩ ንጽሕና፣ የአባት ስም፣ የልጁ ጨዋነት ወደዚህ ሚዛን አይግቡ።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ስለ ምን ያስፈልጋል? ነጥብ ትምህርት ስለሆነ ነው። ለተዋሰ ቃል ሙሉ ነጥብ የሚሰጥ መምህር፣ ያዩትን ከመናገር ይልቅ የሚወደደውን መናገር እንደሚሻል ያስተምራል። ያ ተማሪ ነገ ጸሓፊ ሲሆን አለቃው የሚወደውን ሪፖርት ይጽፋል፤ ምስክር ሲሆን ሰው ያለውን ይላል፤ ዳኛ ሲሆን የነፋሱን አቅጣጫ አይቶ ይፈርዳል። አገር በእንዲህ ያሉ ሰዎች ስትሞላ ጉዱ ካሳን የሚያመሰግን ብዙ ይገኛል፤ እንደ ጉዱ ካሳ እውነቱን ፊት ለፊት የሚናገር ግን ይጠፋል።

እናንተም ወጣት አንባቢዎቼ፣ ስለ አንድ መጽሐፍ ልትጽፉ ስትነሡ አስቀድማችሁ ራሳችሁን ጠይቁ፦ እኔ ራሴ ምን አየሁ? ያየሁትስ በየትኛው ገጽ ነው? ለእነዚህ ለሁለቱ መልስ ካላችሁ፣ ቃላችሁ ቢንተባተብም አትፈሩ። መልስ ከሌላችሁ ግን ብዕሩን አስቀምጡና መጽሐፉን እንደ ገና ግለጡት።