ክዳኑ እንደተዘጋ የሚታይ ዐይብ



አንድ ሙስሊም ያገለገለ ዲጂታል ካሜራውን ሊሸጥ አስቧል እንበል። ውጪው አልተጫረም፤ ሌንሱ ንጹሕ ነው፤ በቀን የሚያነሳቸው ፎቶዎችም ያማሩ ናቸው። ውስጡን ግን አልፈተነውም። ገዢው «ችግር አለበት?» ብሎ ሲጠይቀው «እኔ የማውቀው ችግር የለበትም» ይለዋል። ቃሉ እውነት ነው። ነገር ግን ላለማወቅ ብሎ ያልፈተነ ሰው ይህን ቃል መናገር ይገባዋልን? (ስለ ፎቶ ማንሳት ዑለሞች ያላቸው ክርክር ሌላ ርዕስ ነው፤ እዚህ የምንነጋገረው ስለ ንግድ ነው።)

አስቀድመን ፈተናውን እንወቀው። በካሜራው ውስጥ ብርሃን የሚቀበል ሴንሰር የሚባል ስስ ቁራጭ አለ። በላዩ ፒክስል የሚባሉ ጥቃቅን ነጥቦች ተደርድረዋል፤ 24 ሜጋፒክስል ማለት 24 ሚሊዮን ነጥብ ማለት ነው። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ብርሃን ሳይነካቸው ኤሌክትሪክ ያጠራቅሙና በፎቶው ላይ ቀይ፣ ሰማያዊ ወይም ነጭ ሆነው ይበራሉ። ሆት ፒክስል ይባላሉ። በፀሐይ፣ በቅጽበት በተነሳ ፎቶ ላይ ብዙውን ጊዜ አይታወቁም። የሚያጋልጣቸው ጨለማ ነው።

ስለዚህ ፈታሹ የሌንሱን ክዳን አይከፍትም፤ በዐይን የሚታይበትንም ቀዳዳ በጨርቅ ይሸፍናል። ካሜራው ረጅም ጊዜ የወሰደን ፎቶ የሚያጸዳበት ማስተካከያ ካለው ያጠፋዋል፤ ማስተካከያው ሁለተኛ ጥቁር ፎቶ አንስቶ ነጥቦቹን ከመጀመሪያው ስለሚቀንስ ዐይቡን ይሸሽጋል። ከዚያ በሰከንድ 60ኛ ክፍል፣ ቀጥሎ በ1፣ በ10፣ በ30 ሰከንድ ያነሳል። ፎቶዎቹን በኮምፒዩተር አጉልቶ ይመለከታል። ይህን መድገም አለበት። በሁለተኛው ፎቶ ላይ የበራው ነጥብ ቦታውን ከቀየረ ተራ ነጠብጣብ ነው፤ ከቦታው ካልተነቃነቀ ግን ሆት ፒክስል ነው።

ይህ ፈተና መኖሩን ጨርሶ ያልሰማ ሻጭ ላይ ፍርድ የለኝም። የጠረጠረ፣ መንገዱንም የሚያውቅ፣ ሆኖም የተወው ሰው ግን አለማወቁን በገዛ እጁ ሠርቶታል። ዐይኑን የጨፈነው «አላየሁም» ለማለት ነው። ይህ እንደ እኔ አመለካከት ከውሸት የሚለየው ምላሱ ላይ ብቻ ነው።

«ዐይቡን እኔ አላመጣሁትም» የሚል ይኖራል። እውነቱን ነው። ከፋብሪካ ጀምሮ ሊኖር ይችላል፤ ከህዋ የሚመጣ ጨረርም ያስከትለዋል። እ.ኤ.አ. በ1990 ወደ ህዋ የተላከው ሀብል ቴሌስኮፕ እንኳ ከዚህ አልዳነም፤ ባለሙያዎቹ በየወሩ ገደማ ሴንሰሮቹን እያሞቁ ከነጥቦቹ ብዙዎቹን ያክማሉ። ነገር ግን የመዲናውን እህል ነጋዴ እናስታውስ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እጃቸውን ወደ ክምሩ ቢያስገቡ እርጥበት አገኙ፤ ነጋዴውም ዝናብ እንደመታው ነገራቸው። ዝናቡን ያወረደው እሱ አልነበረም። የተወቀሰው እርጥቡን ሰው እንዲያየው ከላይ ባለማድረጉ ነው። እጃቸው ወደ ውስጥ መግባቱንም አስተውሉ።

ገዢም ይበድላል። በ30 ሰከንድ ጥቁር ፎቶ ላይ ሁለት ነጥብ አግኝቶ «ይህ ካሜራ አልቆለታል» እያለ ዋጋ የሚሰብር አለ። ከሚሊዮኖች መካከል ጥቂት የታመሙ ነጥቦች የሌሉበት ሴንሰር ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ሙቀትም ያበዛቸዋል፤ ያለ ብርሃን የሚጠራቀመው ኤሌክትሪክ ሙቀቱ ከ6 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በጨመረ ቁጥር በግምት በእጥፍ ያድጋል። ስለዚህ በቀዝቃዛ ጠዋት የተፈተነና ፀሐይ ላይ የዋለ ካሜራ አንድ ዓይነት ውጤት አይሰጡም። አንዳንድ ካሜራዎች ደግሞ የታመመውን ነጥብ መዝግበው በጎረቤቶቹ ቀለም የሚተኩበት ፒክስል ማፒንግ የተባለ ትእዛዝ አላቸው። ፉቀሃዎች ዐይብ የሚሉት በነጋዴዎች ልማድ ዋጋ የሚቀንሰውን ነው። በሰከንድ 60ኛ ክፍል የሚበራ ነጥብና በ30 ሰከንድ ብቻ የሚመጣ ነጥብ እኩል አይመዘኑም።

በዚህ ላይ ሰሓባው ዋሲላ ኢብኑል አስቀዕ (ረ.ዐ.) ይረዱናል። ግመል ገዝቶ የሚሄድን ሰው ተከትለው ለሥጋ ነው ወይስ ለጉዞ የፈለገው ብለው ጠየቁት። ለሐጅ ጉዞ መሆኑን ሲነግራቸው እግሩ ላይ ቀዳዳ እንዳለ ገለጡለት። ሻጩ ገበያዬን አበላሸህብኝ ብሎ ተቆጣ። ለሥጋ ቢሆን ያ ቀዳዳ ብዙም አይጎዳም ነበር። ካሜራውም እንዲሁ ነው። ልጆቹን በቀን ለሚያነሳ አባት ነጥቦቹ ዕድሜ ልኩን ላይታዩት ይችላሉ፤ የሌሊት ሰማይን ለሚያነሳ ግን ዋናው ጉዳይ እነሱ ናቸው። ሻጭ ስለዚህ ገዢውን «ለምን ትፈልገዋለህ?» ብሎ ይጠይቀው፤ ጥቁሮቹንም ፎቶዎች ከካሜራው ጋር ያስረክበው፤ ገዢው ነገ ለሌላ ሊሸጠው ይችላልና።

የቀረው ደላላው ነው። ጥቁሩን ፎቶ አይቷል፤ ሻጩ «አጥፋው፣ አንተን ማን ጠየቀህ?» ብሎታል። ዋሲላም (ረ.ዐ.) ሻጭ አልነበሩም፣ ገዢም አልነበሩም፣ የጠየቃቸውም ሰው አልነበረም። ደላላው ኮሚሽኑ ቢቀርበትም ለገዢው ይንገረው።